ነቅታ ነበር

«እኔ ሌባ አላልኩህም።» ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ ይህን እያለች ነበር። «ሌባ ከሰው ቤት የሚወስድ ነው። አንተ ከገዛ እህትህ ቤት ነው የወሰድከው፤ ለዚህ ደግሞ ስም የወጣለት አይመስለኝም።»

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። መካከሉ ላይ አበቦቹ ከጊዜ ብዛት የገረጡ መጋረጃ ተወጥሮ ሁለት ተብሏል። ከመጋረጃው ወዲህ እናትና ልጅ የሚተኙበት አልጋና ቁም ሳጥኑ አለ፤ ከወዲያ ደግሞ የእናቷ የስፌት መኪና፣ ለደንበኛ የምትዘረጋው የብረት ወንበር፣ ምድጃውና ማታ ማታ የሚነጠፈው የአጎቷ ፍራሽ። እናቷ ልብስ ታጠብባለች፣ ታስረዝማለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሱሪ ማሳጠር ሰላሳ፣ ዚፕ ስልሳ፤ የቀሚስ ወገብ ሲሆን የደንበኛዋን ጫማ አይታ ነው ዋጋ የምትናገረው። ከዚያ ላይ እየቆነጠረች ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው አስራ አንድ ሺህ ብር ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በተቀመጠ አሮጌ ትራስ ሆድ ውስጥ ነበር። ስትጨምርበት ትተረትረዋለች፤ ጨምራ ደግሞ መልሳ ትሰፋዋለች። ዛሬ ጎህ ሲቀድ የተረተረችው ግን ልትጨምር አልነበረም። ልጅቷ ሕግ ልታጠና ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሁለት ቀን ቀርቷታል። የመኝታ ክፍል ማስያዣው፣ የአውቶቡሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የመጀመሪያው ወር ቀለብ፣ ሁሉም ከዚያ ትራስ የሚወጣ ነው። ከጥጡ መሃል የተገኘው አራት ሺህ አምስት መቶ ብቻ ሆነ።

«አልነካሁም፣ እታለም» አለ አጎቷ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ውሎ ማታ እጁን በአመድና በሳሙና ፈትጎ ነው ከእህቱ ጋር የሚቀመጠው። በመጠጡ ዘመን የእናቷን ካውያ ሸጦ ጠጥቶበታል፤ የትልቋን እህቱን የእጅ ሰዓት አስይዞ ሳያስመልስ ቀርቷል። ከተወ አራት ዓመት አልፎታል። በነዚህ ዓመታት ያንን ነገር በዚህ ቤት ያነሳ የለም፤ የረሳውም የለም።

«እና ማን ነው? እኔ ነኝ? ወይስ ልጅቷ ናት?»

ከዚህ በኋላ የመጣው ዝምታ የልጅቷ ነበር። እሷ እንድትሞላው ባዶ የተተወ ቦታ ይመስል ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ትንፋሿን እንደተኛ ሰው አረዘመችው። ከመጋረጃው ወዲያ አጎቷ «እሺ» አለ። እናቷ «እሺ ምን?» አለችው። «እሺ፣ እመልሳለሁ» አለና የጫማው ድምፅ ተሰማ። እናቷ ከልማድ የተነሳ «ሻይህን» አለች፤ እሱ ግን በሩን ቀስ ብሎ፣ የተኛችው ልጅ እንዳትነቃ ተጠንቅቆ ዘጋው።

ብሩን የወሰደችው ልጅቷ ነበረች። ነገሩ የጀመረው ትምህርት በተዘጋ ሰሞን፣ ክፍላቸው ባዘጋጀው የስንብት እራት ነው። መዋጮው ስምንት መቶ ነበር፤ ከመዋጮው በላይ ደግሞ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ፀጉሩ መጣ። ጓደኞቿ ስለ ቀሚስ ሲያወሩ እሷ «እናቴ ትሰፋልኛለች» ትላቸው ነበር፤ እናቷ ግን የሰው ልብስ ስታጠብብ ነው የሚመሽባት። አንድ ቀን ማታ ስልኳ ላይ ጣቷን ጫን ስታደርግ ሦስት ሺህ ብር ደረሰላት። ያን ያህል ቀላል ነበር። ከሰው መበደር የሚያስፈራው ዓይኑ ነው፤ እዚህ ዓይን የለም፣ «ለምን?» የሚል የለም፣ «እናትሽ ታውቃለች?» የሚል የለም። በወሩ የአገልግሎት ክፍያ ተጨመረበት፤ ትንሽ ቆይቶ የመዘግየት ቅጣት። የመጀመሪያውን ለመክፈል ከሌላ ቦታ ሁለተኛ ተበደረች፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛ። በመጨረሻ መልእክቱ በስልክ ቁጥሩ ባለቤት ስም መምጣት ጀመረ፤ የቁጥሩ ባለቤት ደግሞ እናቷ ናት። ባይከፈል ለባለቤቷ ይደወላል ይላል። ያን ቀን ትራሱን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው።

መጀመሪያ አንድ ሺህ ብቻ ነበር። ሁለት ልጆች ታስጠና ነበርና ደሞዟን ስትቀበል ልትመልሰው አስባ ነው። የልጆቹ እናት «ከጉዞ ስመለስ» ብላ ሄደች፤ እንደሄደች ቀረች። ከዚያ ሁለት ሺህ ወሰደች፤ ከዚያ ደግሞ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። በየጊዜው ትራሱን እናቷ ባስተማረቻት ጥቃቅን ስፌት፣ በነጭ ክር መልሳ ዘጋችው። የመጨረሻውን ዕዳ የከፈለች ዕለት ስልኳ «እናመሰግናለን፤ አሁን እስከ አምስት ሺህ መበደር ይችላሉ» የሚል መልእክት ላከላት።

እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና የልጇን ትከሻ ነካ አደረገች። ዓይኗ ቀልቷል። «ተነሽ የኔ ልጅ። እትዬ ጋ ሂጂ፤ ደውዬላታለሁ። ምን ሆነ ብትልሽ እኔ ነግሬያታለሁ፣ አንቺ ምንም አትበይ።» ልጅቷ ፊቷን ታጠበች፣ ከተሰቀሉት ልብሶች መካከል ደህናውን መርጣ ለበሰች። በሩ ሥር ታጥፎ የተቀመጠውን የአጎቷን ፍራሽ ላለማየት ስትል ስትወጣ የብረት ወንበሩን ገጨችው።

አክስቷ የሙሽራ ልብስ ታከራያለች። ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ ነው፤ ሰው ሲገባ ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልጅቷ ስትደርስ አንዲት ሙሽራ ዝቅተኛ መድረክ ላይ ቆማ አክስቷ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አፏ ላይ ሦስት ስፒል ይዛ፣ ጫፉን ትለካላት ነበር። የሙሽራዋ ሁለት ጓደኞች ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የአንድ ቀን ኪራይ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ይላል። ከትራሱ የጎደለውም ልክ ያንኑ ያህል ነው፤ ልጅቷ ቁጥሩን ደግማ አየችውና ዓይኗን አነሳች። ማንም ተቀመጪ ስላላላት ቆማ ጠበቀች።

«መጣሽ?» አለች አክስቷ ስፒሎቹን ከአፏ ሳታወጣ። አንድ ጎን ጨርሳ ወደ ሌላው ጎን ዞረች። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሰክታ ከጨረሰች በኋላ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ያ ጉድ ወንድሜ ደግሞ ጀመረ፣ አይደል?» አለች።

ልጅቷ ልትናገር አስባ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስታስበው የመጣችው ነገር ነበር፤ ግን ለአክስቷ ብቻ፣ ጥግ ላይ፣ ቀስ ብላ ልትነግራት እንጂ ሙሽራዋ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት አልነበረም። አንገቷ ራሱ ዝቅ ብሎ ቀና አለ። እሺታ ሆነ።

«አላልኩም?» አለች አክስቷ ለሶፋው። «አመል ያወጣል ከመሃል። እህቴ ግን የዋህ ናት፤ ፍራሽ አንጥፋ አስቀመጠችው። የልጅ ትምህርት ብር ነው እኮ የጠጣው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች ሙሽራዋ በእውነት አዝና።

«ወንድሜ ነው» አለች አክስቷ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልመሰላትም። ወደ ጓዳ ገብታ አራት ሺህ ይዛ ተመለሰችና በልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀምጣ፣ መዳፉን በራሷ ጣቶች ዘጋችው። «ብድር ነው። እናትሽ በዓመት ትመልስልኛለች፤ ወለድ አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እሱ ሰውዬ ከዚያ ቤት ይውጣ። ዛሬ። እኔ ብር እየሰጠሁ እሱ እየጠጣ ስትማሪ ልትኖሪ አትችይም። ለናትሽ እንዲህ ብላለች በያት።»

ልጅቷ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ከጓደኞቹ አንዷ «ምን ነው የደረሳት?» ስትል፣ አክስቷ «ሕግ» ስትል፣ ሦስቱም አንድ ላይ «እሰይ» ሲሉ ሰማች። እንደዚያ «እሰይ» ያለ ከባድ ቃል ሰምታ አታውቅም።

ብሩን ጡቷ ሥር ደብቃ ወደ ቤት አልሄደችም። እግሯ ወደ ጎማ ቤቱ ወሰዳት። ጎማ ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የተደራረቡ አሮጌ ጎማዎች አጥር የሆኑለት ግቢ ነው። ባለቤቱ፣ አንድ እግሩን ሳብ የሚያደርገው ሽማግሌ፣ ሲያያት በምልክት ወደ ጎን ጠራት። «ምን ነክቶት ነው አጎትሽ? ጠዋት መጥቶ የሁለት ወር ደሞዝ አስቀድምልኝ አለኝ። የለኝም ስለው መሣሪያውን በሙሉ፣ ያንን በስንት ዓመት ያጠራቀመውን፣ ማዶ ላለው ጋራዥ በሁለት ሺህ ሰጠው። በኔ መፍቻ ነው አሁን የሚሠራው። ጀምሯል እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ ማሽን ላይ ነው የማቆመው።»

«አልጀመረም» አለች። ጠዋት ከነቃች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር።

አጎቷ ከአንድ መኪና ሥር ወጣ። ሲያያት ደነገጠ፤ ቀጥሎ እንደወትሮው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከጎማዎቹ አንዱን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጣትና ራሱ ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ልጅ ሳለች የሰፈር ልጆች ሲጣሉ መሃላቸው ገብታ ትፈርድ ነበርና «ዳኛዬ» ነበር የሚላት። ሕግ የደረሳት ዕለት ጎማ ቤቱን ሁሉ ለስላሳ ጋብዞ ነበር፣ «የኔ ዳኛ» እያለ።

«ዳኛዬ» አለ አሁንም። «ጠዋት ተኝተሽ ነበር፤ አልሰማሽም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። ከትራሱ ብር ጠፍቷል። ያንቺ የትምህርት ብር። እናትሽ አንተ ነህ አለችኝ፤ አልነካሁም አልኳት። እውነት መስሎኝ ነው ያልኩት። መንገድ ላይ ስሄድ ግን ትዝ አለኝ።» እጁን በጨርቁ ይጠርግ ጀመር፤ የማይጠራ እጅ ነው። «አንድ ቀን ጠጥቻለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን። ያ ሾፌር ጓደኛችን ሲሸኝ። እንዴት ቤት እንደገባሁ አላስታውስም፣ ማን በር እንደከፈተልኝ አላስታውስም። ድሮም እንዲህ ነበርኩ። ካውያውን ስሸጥ እኔ አላውቅም፤ የገዛው ሰውዬ ነው በማግስቱ የነገረኝ። እንግዲህ ያን ማታ እጄ ሳላውቀው ሄዶ ይሆናል። ሌላ ማን ይወስዳል? ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የገዛ ፍራሼን ገልጬ አየሁ፤ ምናልባት እዚያ ደብቄው እንደሆነ ብዬ። በይ እንግዲህ አንቺ ፍረጂብኝ።»

ልጅቷ የዚያን ማታ ነገር ከሱ በላይ ታስታውሰዋለች። በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። ሽታው ሲመጣባት ዝም ብላ፣ እናቷ እንዳትነቃ ጫማውን አውልቃ፣ ፍራሹ ላይ አስተኝታ፣ ብርድ ልብሱን አልብሳዋለች። ለሱ ስትል ለማንም አልተናገረችም። በማግስቱ ግን የመጨረሻውን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ስትወስድ፣ ክሩን እየቆረጠች ሳለ፣ አንድ ሐሳብ በልቧ እንደ አይጥ ሮጦ አልፎ ነበር፤ ብሩ ቢታወቅ የሚጠረጠር ሰው በቤቱ አለ የሚል። አይጡን ያየችው አልመሰላትም ነበር። አሁን አጎቷ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ የራሱን እጅ እየጠረጠረ ሲያያት፣ ያኔ በደንብ እንዳየችው አወቀች።

«አንተ አልወሰድክም» አለችው። «ያን ማታ በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። ጫማህን ያወለቅኩልህም እኔ ነኝ። ወዲያው ተኛህ። ከመጋረጃው ወዲህ አልተሻገርክም።»

«እና ማን…»

«እኔ ነኝ። ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

አጎቷ መጀመሪያ የገባው የመጀመሪያው ቃሏ ብቻ ነበር። «እኔ አይደለሁማ?» አለ። «አንተ አይደለህም» አለችው። «በደንብ አስታውሰሽ ነው?» «አንተ አይደለህም።» በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀ ነበር። ሲገልጠው ግንባሩ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ቀርቶበት ነበር። «ተመስገን» አለ። «ተመስገን። እኔ ደግሞ ጨርሼ ያበድኩ መስሎኝ።» ከዚያ ለምን እንደወሰደችው ጠየቃት፤ ነገረችው። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ስልኩ፣ ብድር በብድር ላይ ስለ መጣው። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማት። «እና ለቀሚስ ነው? ይሁን፤ ልጅ ነሽ። ዕዳ ያላሞኘው ማን አለ? እኔ በብርጭቆ የተበደርኩትን አንቺ በቀሚስ አደረግሽው። ያልፋል።» ጉልበቷን ቸብ አደረገላት።

ይህ ሁሉ እንዲህ በቀላሉ ያልፋል ብላ አላሰበችም ነበር። ልታለቅስ ስትል አጎቷ ከጎማው ላይ ዓይኑን አነሳ። አንድ ነገር እያሰላ ነበር።

«ጠዋት» አለ። «ጠዋት ነቅተሽ ነበር?»

መንገዱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ነቅቼ ነበር።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

አጎቷ ተነሳ። ጨርቁን አራት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። አንድ በር ቀስ ተብሎ ሲዘጋ ብቻ ነው የታያት። «ሂጂ በይ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አለ። ዳኛዬ አላላትም። ተመልሶ መኪናው ሥር ገባና በሰው መፍቻ መሥራቱን ቀጠለ።

ወደ ማዶ ተሻገረች። ጋራዡ ውስጥ የአጎቷ የመሣሪያ ሳጥን፣ ክዳኑ ላይ የተሰባበረው ቀለም ሳይቀር፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ባለጋራዡ ትርፌን ልይ ብሎ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አላት። ስልክ ከሚጠግነው ልጅ ሱቅ ሄዳ ስልኳን አወጣች፤ ልጁ አገላብጦ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ጭረት በጥፍሩ ነክቶ፣ «ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ከዚያ በላይ አልሄድም» አለ። ያንኑ ተቀበለች። ወደ ጋራዡ ተመልሳ ከፍላ ሳጥኑን ስታነሳው ክንዷ እስኪገነጠል ከበዳት። በየአጥሩ ጥግ እያሳረፈች፣ በጭኗ እየገፋች ወሰደችው፤ ቢከብዳት ደስ ያላት ይመስል ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም።

እናቷ የአንድ ሰውዬ ሱሪ ላይ ነበረች። ሳጥኑን አይታ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ይሄ የሱ አይደል?» አለች። ልጅቷ የአክስቷን አራት ሺህ ስፌት መኪናው ላይ አኖረችና ሳትቀመጥ ተናገረች። ሁሉንም፣ በቅደም ተከተል፣ እንደ ደረቅ ፈተና። እናቷ አላቋረጠቻትም። መጀመሪያ ክሩን ተመለከተች፣ ከዚያ በሩን። ልጅቷ ስትጨርስ እናቷ የጠየቀችው ለምን ብላ አልነበረም።

«ለሱ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«መንገር አልነበረብሽም» አለች እናቷ፤ ወዲያው ራሷ የተናገረችው ቃል ያስደነገጣት ይመስል አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ፣ ለሱሪው እንደምታወራ ሁሉ፣ «አንቺ ስም ይዘሽ ነው የምትሄጂው። እሱ ላይ ቢጨመር የሚቀንስበት ነገር የለም ብዬ ነው» አለች። ከዚያም ድምፅዋ ወረደ። «ትራሱን ስተረትር ስፌቱን አይቼዋለሁ እኮ። ወንድሜ መርፌ ይዞ አያውቅም። ያ ስፌት እኔ ያስተማርኩት እጅ ነው። አየሁትና ዓይኔን ወደ ፍራሹ አዞርኩ። ወዲያ መዞር ይቀል ነበር።»

እናት ሱሪውን ጨረሰች፤ ልጅ የተቆረጡትን ክሮች ከወለሉ ለቀመች። ሰውዬው መጥቶ ሰላሳውን ከፍሎ ሄደ። የምሽቱ ጥላ በበሩ እስኪረዝም ድረስ ሁለቱም የመንገዱን ኮቴ ያዳምጡ ነበር፤ አንዷም ሌላዋ የምታዳምጠው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ዛሬ እውነት ቢጠጣስ የሚለው ፍርሃት በሁለቱም ዓይን ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ በፈሩት ነገር ያፍሩ ነበር።

አጎቷ በሰዓቱ መጣ። ምንም አይሸትም። በበሩ ላይ ቆሞ ሁለት ሺህ ብር ለእህቱ ዘረጋ፤ ያኔ ሳጥኑን አየ። ከሳጥኑ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ባዶ እጅ ወደ ሳጥኑ ተመለከተ። «ስልክሽን ነው?» አለ። ራሷን ነቀነቀች። ብሩን እህቱ አልቀበልም ብላ እጇን ስትሰበስብ፣ ስፌት መኪናው ላይ ከአራቱ ሺህ አጠገብ አስቀመጠው። «እንግዲያው የስልኳ ነው፤ ይዛው ትሂድ» አለ።

እናቷ ተነስታ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ቤት ይቅርታ የሚባለው ለደንበኛ ነበር፤ ይቅርታ፣ አልደረሰልሽም፣ ነገ ነይ። ለዘመድ ሲሆን ቃሉ አፍ ውስጥ አይዞርም። «ሻይ አፍልቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ግን የሻይ አልነበረም፤ ወንድሟም ይህን ሰማ። ቁጭ ብሎ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ጎማ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ባለቤቱን ጠይቄዋለሁ፤ ማታ ማታ ጥበቃም እንድይዝለት። እሺ ብሎኛል» አለ።

«ማን ውጣ አለህ?» አለች እናቷ። ልጅቷ የአክስቷን መልእክት አላደረሰችም ነበር፤ አሁን ግን ደም ወደ ፊቷ መጣና አጎቷ አየው።

«እትዬ ናት?» አለ፤ በትንሹ ሳቅ አለ። «ብሯን አትመልሱላት፤ ልጅቷ ያስፈልጋታል። እሷ ባትልም እወጣ ነበር። እታለም፣ እዚህ ቤት መርፌ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው የኔ ፍራሽ ሥር ነው። ተዉት ብላችሁም አትችሉም፤ ክፉ ሆናችሁ አይደለም። ዛሬ እኔም ራሴ ገልጬ አየሁት። እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም።»

እናቷ ያኔ አለቀሰች፤ እሱ ግን ሊያባብላት አልሞከረም። ልብሱ አንድ ከረጢት አልሞላም። የመሣሪያ ሳጥኑን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የታጠፈውን ፍራሽ በሌላው ክንዱ ሊይዝ ሲታገል ልጅቷ የኋላውን ጫፍ ያዘች። ተዪ አላላትም፤ ነይም አላላትም። ተያይዘው ወጡ።

ገና ጨለማ አልሆነም። ሰው ሁሉ ከሥራ ተመልሶ በየደጁ ላይ ነው። ወሬው ቀድሟቸው ነበር፤ ጠዋት ከመጋረጃው ወዲያ የተባለው ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤቱም ሆኗል። ሦስተኛው በር ላይ አዋላጇ ተቀምጣለች፤ የሰፈሩን እኩሌታ፣ ልጅቷንም ጭምር፣ በእጇ የተቀበለች አሮጊት ናት። ፍራሹን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እሱ የማይሰማት እየመሰላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወጣላችሁ? ተመስገን። እናትሽ ትረፍ» አለቻት።

ልጅቷ ቆመች። ፍራሹ ተወጠረ፤ ፊት የነበረው አጎቷም ቆመ።

«እማማ፣ ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ተበድሬ ነው። እሱ አልነካም።»

አዋላጇ ትኩር ብላ አየቻት። ዓይኗ ቀስ በቀስ በእንባ ተሞላ። «አወይ ልጄ» አለች፤ ክንዷንም ደባበሰችው። «ለአጎቷ ስትል በራሷ ላይ። እንዲህ ያለ አንጀት የሰጠሽ አምላክ ይባረክ።»

«እውነቴን ነው፣ እማማ። ከትራሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለስልክ ብድር ከፈልኩት።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ የኔ እናት። ሂጂ፣ በደህና ተማሪ» አለች አሮጊቷ፤ የአጎቷን ጀርባም እንዲህ ያለች ልጅ አትገባህም በሚል ዓይን ገረመመችው። ልጅቷ ሦስተኛ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። ባወራች ቁጥር እሷ ይበልጥ ደግ እየሆነች፣ እሱ ይበልጥ ሌባ እየሆነ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይሄ ነው፤ የጠዋቱ ቃል ወጥቶ ሄዷል፣ እግር አውጥቷል፣ በየበሩ ቀድሟቸው ተቀምጧል። የሷ ግን ገና ከአፏ መውጣቱ ነው፤ የሚያምነው አላገኘም።

«እንሂድ፣ ከበደኝ» አለ አጎቷ ሳይዞር።

ሄዱ። ማዕዘኑ ላይ ባለሱቁና ሁለት ሰዎች ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋቸው ጨዋታቸው ተቋረጠ። ባለሱቁ ዓይኑን ከፍራሹ ሳይነቅል ተነስቶ ባንኮኒው ላይ የነበረውን ሳንቲም በመዳፉ ጠርጎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና መሳቢያውን ዘጋ። አጎቷ ድምፁን ሰምቶ አንገቱን ትንሽ ሰበረ፤ እርምጃውን ግን አልቀየረም።

ልጅቷ የያዘችውን ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጠች። መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሰዎቹ ሄደች። «ጋሼ፣ አንዴ ስሙኝ» ስትል ድምፅዋን ሰማች። አጎቷ የያዘውን ጫፍ አላወረደም፤ ግን ቆሞ ጠበቃት።